«ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግሽው» አለኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ስሜ ይቅር። 39 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ኦፈንባህ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 5። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የምንከባከባቸው አንዲት እናት አረፉ። ልጃቸው ክፍሉን ስታጸዳ ነጭ የቡና መፍጫ አንስታ «ካልፈለግሽው እጥለዋለሁ» አለችኝ። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ስሰካው ሠራ! ገልብጬ ሳየው ብራውን የሚል የፋብሪካ ስም አለው። ሳጠያይቅ ራይንሆልድ ቫይስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የነደፈው ሆኖ አገኘሁት። እኔ ሳልወለድ፣ እናቴ ገና ኮረዳ ሳለች የታሰበ ዕቃ እጄ ላይ እየሠራ ነው። እንዴት እንደተሰማኝ መግለጽ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ወደሚቆመው የድሮ ዕቃ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ዩሮ፣ ሦስት ዩሮ ነበር። አሁን ስድስት የቡና መፍጫ አለኝ። ሁለት ሊጥ ማቡኪያ ማሽን፣ አራት የማይሠሩ ሬዲዮኖች፣ ኒክ ሮሪክት የነደፋቸው ነጭ ተደራራቢ ሳህኖችና ስኒዎች ወደ አርባ። ማክስና ሞሪትዝ የሚባሉት የቪልሄልም ቫገንፌልድ የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃዎችም አሉኝ። ቁምሳጥኑ ሞላ፣ ከአልጋ ሥርም ገባ። ልጄ የሁሉንም ስም ታውቃለች። ባለቤቴ ግን ገና ከጅምሩ አልወደደውም። «የሰው ልባሽ ለቅመሽ ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግሽው» ይለኛል። እሱ እዚህ አገር ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት የተኛው መንገድ ላይ ከተጣለ ፍራሽ ላይ ነው። «ከዚያ ኑሮ ለመውጣት ስንት ዓመት ለፋሁ፣ አንቺ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ» ይላል።

ጥፋቴን ልናገር። በወር 300 ዩሮ የምንጥልበት የ12 ሰው እቁብ አለን። ሲደርሰን 3,600 ዩሮ ወጣ፤ ለሐምሌ የአውሮፕላን ትኬት ነበር። የባለቤቴ እናት 78 ዓመታቸው ነው፣ ልጆቹን በስልክ ካልሆነ አይተዋቸው አያውቁም። በዚያው ሳምንት አንድ ሰውዬ ኤስ ካ 4 የሚባለውን የብራውን ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ሊሸጥ አወጣ። ዓመት ሙሉ ስመኘው የነበረ ነው። 850 ዩሮ ከፈልኩ። በትርፍ ሰዓት ሥራ ቶሎ እመልሳለሁ ብዬ አልነገርኩትም። ትኬት ሊቆርጥ ሄዶ 2,750 ዩሮ ብቻ ሆኖ አገኘው።

ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ትልልቅ ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ነበር። ከሥራ ስመለስ አንድ ካርቶኔ የለም፤ አውጥቶ ጥሎታል። ስወርድ ባዶ ነው፣ ሰው ወስዶታል። ውስጡ ትንሿ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር፣ አንድ ሰዓትና ሞሪትዝ ነበሩ። ማክስ የተረፈው ጨው ስለያዘ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ነው።

ይኸው ሦስት ሳምንት በልጆቹ በኩል ነው የምንነጋገረው። አንዳንዴ ሁሉንም ልጣለውና ልገላገል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ለካርቶኑ ይቅር ልለው አልችልም እላለሁ። እናቴን ያጣኋት መፍጫውን ባገኘሁበት በዚያው ዓመት ነው፣ ለቀብሯም አልደረስኩም። የሷን ቡፌ እንኳ ወንድሞቼ ለቁራሌ ሸጠውት ነው የሰማሁት። ብቻ ሲደራረብብኝ ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ከኦፈንባህ

መልስ

እህቴ፣ ቅድሚያ ስለ ማክስ ልጠይቅሽ። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው? ባለቤትሽ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ጨው ሲያነሳ በሱ ነው የሚጠቀመው ወይስ ሌላ ፈልጓል? ቀላል ጥያቄ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን የቀረችው ዕቃ ዓይኔ ላይ ቀረች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ካርቶኑ ያማል። ልጅሽ ስማቸውን የምታውቃቸው ዕቃዎች ናቸው፤ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ፣ አረጋውያን እያጠብሽ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ደጅ ወጡ። ንዴት ነው፣ ገብቶኛል። ቢሆንም የሰው ዕቃ አይጣልም። ተናድዶ እንኳ ቢሆን «ይኼ ከቤት ይውጣ» ማለት ይችል ነበር። ይህን የምጽፈው እሱን ልከስስልሽ አይደለም፤ «ምናልባት ተገቢዬ ነው» የምትይው ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ ስለተሰማኝ ነው። ተገቢሽ አይደለም። አንቺ ያጠፋሽው ጥፋት አለ፣ እሱም ያጠፋው አለ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ስትነጋገሩም ባንድ ላይ አታንሷቸው። ከደባለቃችኋቸው ወዲያው «አንቺ ባትወስጂ ኖሮ»፣ «አንተ ባትጥል ኖሮ» ይሆናል፣ ከዚያ ሌሊቱ ይነጋል።

አሁን ደግሞ ያንቺን በግልጽ ልንገርሽ፣ እንደ ታላቅ እህት። 850 ዩሮው የሸክላ ማጫወቻ ዋጋ ብቻ አልነበረም። የአንዲት የ78 ዓመት እናት ዓይን የልጅ ልጆቿን የሚያይበት ብር ነበር። አንቺ እናትሽን ሳትቀብሪ የቀረሽ ሰው ነሽ። «በኋላ እንደርሳለን» ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ባለቤትሽ ያን ቀን ዝም ያለው ለዚህ ይመስለኛል። አፉን ቢከፍት ስለ እናቱ የሚፈራውን ሊናገር ነው፤ ብዙ ወንዶቻችን ደግሞ ከዚያ ካርቶን ማንሳት ይቀላቸዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልመሰለሽ እለፊው። ቡና መፍጫው እጅሽ የገባው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እናትሽም ያረፉት በዚያው ዓመት ነው ብለሻል። ይህን ግን የጻፍሽው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ እንደ ትርፍ ነገር። «ሲደራረብብኝ ነው መሰለኝ» ብለሽ አለፍሽው። የሌላ ሰው እናት አርፋ ልጇ ክፍሏን ስታጸዳ አንቺ እዚያ ቆመሽ ነበር። ዕቃው ሊጣል ሲል እጅሽን ዘረጋሽ። የራስሽ እናት ቤት ሲጸዳ ግን አልነበርሽም። ቡፌው ሲወርድ፣ ቁራሌው ሲጫረት፣ «ይቺን ለኔ ተዉልኝ» የምትይበት ዕድል አላገኘሽም።

የናቶቻችንን ቡፌ እኔም አውቀዋለሁ። የኛ ቤቱ መስታወቱ ተንሸራታች ነበር፤ ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት ከማድ ቤት ድረስ ይሰማል። ውስጡ አፋቸው ወርቅማ የሆኑ ስድስት ስኒዎች ነበሩ። በፋሲካና ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወርዳሉ። እማዬ ስታጥባቸው ውኃውን ለብ አድርጋ፣ ከሥር ፎጣ አንጥፋ ነው። ማንም ሰብሳቢ ብሏት አያውቅም፤ ግን እያንዳንዷ ስኒ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣላት፣ የትኛዋ በማን ሠርግ ጊዜ እንደተጫረች ልቅም አድርጋ ታውቅ ነበር። አንቺም ያደግሽው እንዲህ ካለች እናት ጋር ይመስለኛል። ስለዚህ ድሮ ዕቃ መውደድሽ ከጀርመን የለመድሽው እንግዳ ጠባይ አይደለም። አብሮሽ የመጣ ነው።

እስኪ ደግሞ ወደ እሱ እንምጣ። ስለ ፍራሹ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለኔ ግን የነገሩ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ወገኖቻችን አውሮፓ ሲገቡ የመጀመሪያውን ቤት የሞሉት መንገድ ዳር በወጣ ዕቃ ነው። ማታ፣ ሰው ሳያይ፣ ኮፍያ ደፍቶ። ያን ያደረገ ሰው አሮጌ ወንበር ሲያይ የሚያየው የነዳፊውን እጅ አይደለም። የዚያን ክረምት ብርድ ነው የሚያየው፣ የዚያን ፍራሽ ሽታ። ለሱ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ዕቃ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ፣ «ደርሻለሁ» ማለት ነው። አንቺ በየቅዳሜው የምታመጪው ላንቺ የእናትሽ ቡፌ ነው፣ ለሱ ደግሞ ያ ፍራሽ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ግን አንድም ቀን ተቀምጣችሁ የተነጋገራችሁበት አይመስለኝም። እሱ «ምናለሽ ተራ» ይልሻል፣ አንቺ «አይገባህም» ትይዋለሽ፣ በቃ። አንድ ነገር ጠይቂው፤ ያን ፍራሽ ማን አብሮት እንደተሸከመ። መቼ እንደጣለው። ስትጠይቂው ልታስረጂው አትሞክሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚው።

ስለ ዕቃዎቹም ትንሽ እናውራ፣ ምክንያቱም የምትሰበስቢያቸው ዝም ብለው ቆንጆ ዕቃዎች አይደሉም፤ ራሳቸው የሚሉት ነገር አለ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሮሪክት እነዚያን ተደራራቢ ሳህኖች የነደፋቸው በ1959 ኡልም ከተማ በነበረው የንድፍ ትምህርት ቤት ለመመረቂያ ሥራው ነው። ያን ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዷ ኢንጌ ሾል ናት። ሁለት ታናናሾቿን፣ ሃንስንና ሶፊን፣ ሂትለርን የሚቃወም ወረቀት በተኑ ተብለው በ1943 ናዚዎች ገደሉባት። ከጦርነቱ በኋላ ለነሱ መታሰቢያ ብላ ከኦትል አይሸርና ከማክስ ቢል ጋር ሆና የከፈተችው ይህን ትምህርት ቤት ነው። በ1953 ማስተማር ጀመረ፣ በ1968 ተዘጋ፤ አሥራ አምስት ዓመት ብቻ።

እዚህ ጋ እኔን የሚነካኝን ልንገርሽ። ያቺ እህት ሐዘኗን በሐውልት አልተወችውም። ሰው በየቀኑ የሚበላበትን ሳህን፣ የሚያይበትን መብራት፣ የሚቀመጥበትን በርጩማ በሥርዓት ማሰብ የሚማሩበት ቤት ከፈተችለት። ከተማው ፈርሷል፣ መኖሪያው ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ስኒው በስኒ ላይ ይደረደር፣ ለማጠብ ይቅለል፣ ለድሃም ለሀብታምም አንድ ይሁን። የሮሪክት ሳህኖች ለመመገቢያ አዳራሽ፣ ብዙ ሰው ለሚበላበት ቦታ ነው የታሰቡት። ያንቺዎቹ አርባዎቹ የት ነው ያሉት? ከአልጋ ሥር ከሆኑ አውጫቸው። ልጆቹ ይብሉባቸው። ሌላውን የተዘበራረቀ ሳህን ስጪና እነሱን ብቻ መደርደሪያው ላይ ደርድሪ፤ ባለቤትሽ ስለ ቦታ የሚያማርረው ቢያንስ በማድ ቤት በኩል ይቀልለታል። አንዱ ቢሰበርም ይሰበር። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀርሻል።

ብራውን ቤትም ሐሳቡ ከዚሁ የራቀ አልነበረም። ኤስ ካ 4ን በ1956 የነደፉት የብራውኑ ነዳፊ ዲተር ራምስና ሃንስ ጉገሎት አብረው ነው፤ ጉገሎት ደግሞ የኡልም አስተማሪ ነበር። ማጫወቻው ነጭ ብረት፣ ግራና ቀኙ እንጨት፣ ክዳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ያ ክዳን መጀመሪያ ብረት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ድምፁ ከፍ ሲል ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግር ወደ ፕላስቲክ ተቀየረ። ጀርመኖች ሲያዩት ተረት ውስጥ ያለችውን የስኖው ዋይትን የመስታወት ሬሳ ሳጥን መሰላቸውና ስሙን «የበረዶዋ ልጅ ሬሳ ሳጥን» አሉት። ስትመኚው መክረምሽ አይገርመኝም። የሚያምር ዕቃ ነው፣ እኔም ፎቶውን ሳየው ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ግን ሽጪው።

እንዲህ በአንድ ቃል ስልሽ ልብሽ እንደሚከፋ አውቃለሁ። ሌላ መንገድም አስቤ ነበር። ብሩን በትርፍ ሰዓት ሥራ መልሰሽ ዕቃውን ማስቀረት ትችያለሽ፤ ግን ሐምሌ አይጠብቅሽም፣ ትኬት እየቆየ ነው የሚወደደው፣ በየማታው ደክሞሽ ስትገቢም እሱ የሚያየው አንቺን ሳይሆን ማጫወቻውን ነው የሚሆነው። ትንንሾቹን አራግፈሽ 850 መሙላትም ይቻላል፣ ግን ወራት ይፈጃል። ያ ብር በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ፣ ካለበት ቦታ ካልተመለሰ የምትናገሪው ይቅርታ ጆሮው ላይ አይደርስም። ኤስ ካ 4 ደግሞ ፈላጊ ያለው ዕቃ ነው። ልክ በገዛሽበት ዋጋ ይሄዳል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የጎደለ ካለ ትርፍ መፍጫዎቹ ይሙሉት።

ስትሸጪው ደግሞ አትጣደፊ፣ በአግባቡ ሽጪው። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ክዳኑን ተዘግቶም ተከፍቶም፣ ማጠፊያዎቹን፣ መርፌውን፣ የጀርባውን ጽሑፍ። ክዳኑ ላይ ስንጥቅ ካለ አትደብቂ፣ እንዲያውም አቅርበሽ አሳዪው። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ይሠራል አይሠራም በግልጽ ጻፊ። ውስጡ የድሮ ራዲዮ አምፑል ያለበት ስለሆነ ብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ «ልሞክረው» ብለሽ አትሰኪው፤ የሚያውቅ ሰው ይየው። በፖስታም አትላኪው፣ ያ ፕላስቲክ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ገዢው መጥቶ ይውሰድ። በርሽ ላይ ብሩን ቆጥሮ ሲሰጥሽ ባለቤትሽ ቤት ቢኖር ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የሰው ልባሽ ያለውን ዕቃ አንድ ጀርመናዊ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት ሲወርድ ይየው።

ሌላው እንዴት ይለይ? አንድ ደብተር ግዢ። ማታ ማታ ከልጅሽ ጋር ተቀምጣችሁ መዝግቡ። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነደፈው ካወቃችሁ፣ ስንት እንደተገዛ፣ ይሠራ እንደሆነ። ዋጋውን አትቀንሺ። ደብተሩን የሚያነበው እሱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቤትሽ ውስጥ ያልታወቀ ዋጋ ባይኖር ይሻላል። ስትጨርሱ በእጃችሁ የምትጠቀሙበትንና የማትጠቀሙበትን ለዩ። ስድስት ቡና መፍጫ ለአንድ ቤት ምን ይሠራል? የመጀመሪያው፣ ከእኚያ እናት ክፍል ያገኘሽው፣ ያ ይቅር። አምስቱ ይሂዱ። የማይሠሩትን አራት ሬዲዮኖች ሪፔር ካፌ ውሰጃቸው፤ እዚያ አገር በየሰፈሩ ሰዎች በነፃ የተበላሸ ዕቃ ይዘው ተቀምጠው የሚጠግኑበት ቦታ አለ። አንዱ ከተጠገነ አንዱ ይቅር። ማቡኪያው፣ ጌርድ አልፍሬድ ሙለር ለብራውን የነደፈው ከሆነ፣ ድፎ ዳቦ አቡኪበትና እየው። ራሱ ራምስ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው «ያነሰ፣ ግን የተሻለ» እያለ ነው። ያንቺ ጓዳ ይህን ሰው የምትወጂ ሰው ጓዳ እንዲመስል አድርጊው። ገመዳቸው የደረቀና የተሰነጠቀውን ግን ልጆች ባሉበት ቤት ለአንድ ቀን እንኳ አትሰኪ፣ አደራ።

አሁን ስለ መፍጫው። ያ ዕቃ ቁልፉን በጣትሽ ተጭነሽ እስከያዝሽው ብቻ ነው የሚሽከረከረው፤ ስትለቂው ይቆማል። ሥሩ ያለው ስለት ቶሎ ስለሚሞቅ አንዴ ከምትይዥው እየለቀቅሽ፣ እያወዛወዝሽ፣ ደግመሽ ብትጫኚው ቡናው አይቃጠልም፣ ልሙም ይሆናል። ለአንድ ጀበና ሁለት ጊዜ መመለስ ይኖርብሽ ይሆናል። ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? እሑድ ልጆቹ ሲተኙ ቡና ቁዪ። ከዚያ መፍጫውን ለሱ ስጪው። «ፍጭልኝ» በይው። ምንም ሌላ ንግግር አትጀምሪ። ሦስት ሳምንት የተዘጋ አፍ በስብሰባ አይከፈትም፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ነው የሚፈታው።

ቡናው ሲቀርብ ጀምሪ። አጭር ይሁን። «የእናትህን ብር ሳልነግርህ ነክቻለሁ። ልመልስ ብዬ ነበር፣ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። ማጫወቻውን እየሸጥኩት ነው፣ ብሩ በሙሉ ለትኬቱ ነው» በይው። ከዚያ አቁሚ። «ግን አንተም» አትበይ። ያን ቀን ስለ ካርቶኑ አታንሺ። እሱ ራሱ ካነሳው ስሚው። ካላነሳው ለሌላ ቀን ይቆይ። ትኬቱ ተቆርጦ፣ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ፣ ያኔ ደግሞ ያንቺን ትነግሪዋለሽ። «ካርቶኑን ስትጥለው ምን እንደሆንኩ ልንገርህ» ብለሽ። የእናትሽንም ቡፌ ንገሪው። ለማንም ያልነገርሽው ይመስለኛል፣ ለሱም ጭምር። እሱ ዕቃ ብቻ የጣለ መስሎት ይሆናል፤ ምን እንደጣለ ካላወቀ እንዴት ይጸጸታል? በእልህ «ዋጋሽን አገኘሽ» ካለሽ ግን፣ ወይም ዳግመኛ ዕቃሽን ካወጣ፣ ብቻሽን አትያዥው። ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ካለ፣ የንስሐ አባትም ይሁን ታላቅ ወንድም፣ ይግባበት።

ከዚያ በኋላ መግዛት ትቀጥያለሽ? ከፈለግሽ አዎ። ማቋረጥ ያለብሽ መደበቁን ነው። በወር የምታወጪውን ተነጋገሩበት፤ 20 ዩሮ ይሁን 30፣ የራስሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም፣ ከሱ በላይ ግን አብራችሁ ነው። አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ። ለእሱም እንዲሁ የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይጠይቀው ነገር ይኑረው። አዲስ ዕቃ ከካርቶን ማውጣት ይወድ የለ? ይግዛ።

ሐምሌ ላይ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ወንድሞችሽን ጠይቂ። ቡፌው ሄዷል፣ እሱ አይመለስም። ግን ቡፌ ሲሸጥ ባዶውን ነው የሚሸጠው። ውስጡ የነበረው የት ደረሰ? አንዷ ስኒ፣ አንድ ማንኪያ፣ የስኳር ዕቃው፣ ከአክስቶችሽ አንዷ ጋ ወይም ጎረቤት ዘንድ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሳትቆጪ ጠይቂያቸው። እነሱም ያን ቀን ያደረጉት ቸግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ማየት አቅቷቸው። ከተገኘች ከነዚያ ከሮሪክት ስኒዎች ጎን አስቀምጫት።

ማክስን አልረሳሁትም። ከመስታወትና ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ በትንሽ ጀልባ መሳይ ሰሃን ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙ ናቸው አይደል? ቫገንፌልድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው ለቬ ኤም ኤፍ ፋብሪካ የነደፋቸው። በብዛት ስለተሠሩ ዛሬም እየተገኙ ነው፤ አንዱ የጎደለበት ደግሞ በርካሽ ይሸጣል። ገበያው ሙዚየሞቹ ባሉበት በሻውማይንካይ ጎዳና በሚቆምበት ቅዳሜ አራታችሁም ሂዱ። እሱም ይምጣ። ከፈለገ ገበያውን አይውደደው፣ ወንዙ ዳር ልጁን ይዞ ይሂድ። ልጅሽ ኪሷ ውስጥ አምስት ዩሮ ይኑራትና ሞሪትዝን እሷ ትፈልገው። በዚያው መንገድ ላይ ያለው የአፕላይድ አርት ሙዚየም የራምስን ሥራዎች ያሳያል። ከገበያው ስትወጡ ግቡና ከኤስ ካ 4ው ፊት ቆመሽ ለባለቤትሽ ስለ ክዳኑ ንገሪው፣ ለምን ብረት እንዳልሆነ። ከዚያ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።